የፔዳል ክንድና የመሐል ዘንግ በቤት ውስጥ ስለ መመርመርና ስለ መለወጥ

(በማኅበራችን የብስክሌት ክፍል አባላት ስም በመመገቢያ አዳራሽ የቀረበ ንግግር። ለጽሑፍ እንዲስማማ ጥቂት ብቻ ታርሟል።)




የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር የሚጠበቀው ንግግር ስለ ብስክሌት ፔዳል ነውን?» እያሉ እንደ ሳቁ ሰምተናል። ሳቃቸውን አንቃወምም። ይሁን እንጂ ከሳቁት መካከል ሁለቱ ዛሬ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጥተው በበሩ አጠገብ እንዳቆሙ ከዚህ ከመድረኩ ላይ ሆነን እናያለን።

ንግግራችንን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን። አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ብስክሌቱን ወደ ክፍላችን አመጣ። ይህ ጓደኛችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በባሕር ዳር ከተማ ሁለት ልጆችን ያስጠና ነበር። አንደኛው ልጅ በግቢያችን አቅራቢያ፣ ሁለተኛው ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው የሚኖረው። በሁለቱ ቤቶች ሰዓት መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለ ነበረ፣ ወርኃዊ ገቢው በብስክሌቱ ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል። «ስረግጠው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ቋ ይላል» አለን። እኛም ሳንመረምር «የመሐል ዘንጉ ነው» ብለን ፈረድን። በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ለመፍታት ቁልፍ አስገብተን፣ ሰው ሁሉ ቡሎን እንደሚፈታው ወደ ግራ አዞርነው፤ እምቢ አለ። በቁልፉ እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ሰካንበት፤ አሁንም እምቢ አለ። ሦስት ሆነን ተንጠለጠልንበት። በመጨረሻ እሺ ሲል የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። ክዳኑ የወጣው የቴላዮውን ፊሌቶ እንደ ተላጠ ሽቦ እያንከባለለ ነው።

ሁሉን ፈታተን ስናየው ዘንጉም ደኅና፣ ብዮቹም ደኅና ነበሩ። ቋ ይል የነበረው በግራው ክንድ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ላልቶ ኖሯል። ከብስክሌት ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በእርሱ ፈንታ ቴላዮውን አጠፋን። ጓደኛችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሩ ሄደ። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ልጅ በሰዓቱ ሊደርስለት ስላልቻለ ያ ቤተ ሰብ ሌላ አስጠኚ ፈለገ። እርሱ አንድም ቀን አልወቀሰንም፤ ይህም ከወቀሳ የከበደ ሆነብን።

እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት የላላው ነገር የትኛው ነው? ወደየትኛውስ ወገን ነው የሚፈታው? እነዚህን ሁለቱን የሚመልስ ሰው የቀረውን ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ በቤቱ ደጃፍ ላይ ሊፈጽመው ይችላል።

በስሞቹ እንስማማ። ፔዳል የተሰካችበትን ረጅም ብረት «ክንድ» እንለዋለን። ሁለቱ ክንዶች የሚታሰሩት በመሐል ዘንግ ግራና ቀኝ ጫፎች ላይ ነው። ዘንጉ በቴላዮው ግርጌ በምትገኘው አጭር ወፍራም ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ይህችን ቱቦ «የዘንግ ቤት» እንበላት። በቤቱ ግራና ቀኝ አፍ ላይ በፊሌቶ የሚገቡ ሁለት የብረት ክዳኖች አሉ፤ ውስጣቸው ጎድጓዳ ስለ ሆነ «ስኒ» እንላቸዋለን። በስኒውና በዘንጉ መካከል ብዮች ይሽከረከራሉ። ልጆች ሳለን ከብስክሌት ሠሪ ደጅ እየለቀምን የተጫወትንባቸው የብረት ብዮች ብዙዎቹ ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው።

በከተማችን የሚነዱት ብስክሌቶች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ፊኒክስ ያሉት ከባድ ብስክሌቶች ሲሆኑ፣ ክንዳቸው የብረት ነው፤ ከዘንጉም ጋር የሚያያዘው በሽብልቅ ነው። ሁለተኛዎቹ በኋላ የመጡት ባለ ማርሽ ብስክሌቶች ናቸው። የእነዚህ ዘንግ ጫፉ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ክንዱም በላዩ ላይ ተገፍቶ በቡሎን ይታሰራል። ይህ አሠራር በፈረንሳይ አገር ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ለብዙ ጊዜ የውድድር ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለአገራችን ሲወዳደር፣ በዓለም መንገዶች ላይ ከሚሄዱት ብስክሌቶች የሚበዙት ገና ባለ ሽብልቅ ነበሩ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ይኸውም ውስጡ ክፍት የሆነ ወፍራም ዘንግ ከቀኙ ክንድ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራበትና የግራው ክንድ በሁለት ትንንሽ ቡሎኖች የሚጨበጥበት ነው። ይህ በግቢያችን እምብዛም ስለማይታይ ለዛሬ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ድምፁ ሲሰማ መጀመሪያ ሳትረግጡ ብስክሌቱ በራሱ እንዲሄድ ልቀቁት። እግራችሁ ቆሞ ድምፁ ከቀጠለ ነገሩ ከክንዱም ከዘንጉም አይደለም፤ በጎማዎቹ በኩል ፈልጉ። እየረገጣችሁ ከመቀመጫው ብድግ ስትሉ ድምፁ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ኮርቻው ወይም የኮርቻው ቱቦ ነው። ይህንን ስንናገር ሰው ይስቃል፤ ነገር ግን የኮርቻ ቡሎን ላልቶ ሳለ የመሐል ዘንግ የለወጠ ሰው እናውቃለን። ቀጥሎ በአንድ እግር ብቻ እየረገጣችሁ ጥቂት ሂዱ፤ ከዚያም በሌላው እግር። ድምፁ በአንደኛው እግር ብቻ ከመጣ በዚያ በኩል ያለችውን ፔዳል አስቀድማችሁ ጠርጥሩ፤ ለብቻዋ በእጅ አሽከርክራችሁ፣ ነቅንቃችሁ፣ ከክንዱ ጋር ያላትን ፊሌቶ አጥብቃችሁ ሞክሩ። የፊቱን ጥርስ ከክንዱ ጋር የሚያያይዙትን ትንንሽ ቡሎኖችም አትርሱ፤ እነርሱ ሲላሉ የሚያሰሙት ድምፅ ከዘንግ ድምፅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ፔዳልና ኮርቻው ነጻ ከወጡ ብስክሌቱን አቁሙ። የአንዱን ክንድ ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቴላዮው ግፉ፤ መልሳችሁ ወደ ውጭ ሳቡ። በዚህ ጊዜ የሁለተኛውን እጃችሁን ጣት ክንዱና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳርፉ። የያዛችሁት ክንድ ብቻ ከተንቀሳቀሰና በማዶ ያለው ክንድ ጸጥ ካለ፣ የላላው የክንዱና የዘንጉ መገጣጠሚያ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው አብሮ የሚወጣ ከሆነ ግን ክንዶቹ ዘንጉን አጥብቀው ይዘዋል፤ የላላው ዘንጉ በቤቱ ውስጥ ነው። የጓደኛችንን ብስክሌት በዚህ ዓይነት ለመመርመር የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም ነበር።

ሽብልቅ የሚጠረጠር ከሆነ አንድ ሌላ ፈተና አለ። ሁለቱን ክንዶች አግድም አድርጉ፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ይሁን። ከብስክሌቱ በላይ ሆናችሁ በሁለት እጃችሁ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድነት ወደ ታች ተጫኑ። ከዚያ ክንዶቹን ግማሽ ዙር አዙራችሁ እንደገና ተጫኑ። የላላ ሽብልቅ በዚህ ጊዜ ቋ ብሎ ራሱን ያጋልጣል።

በመጨረሻም ካቴናውን ከፊቱ ጥርስ ላይ አውርዳችሁ ክንዶቹን በዝግታ አዙሩ። የካቻቢቴ ጫፍ በዘንጉ ቤት ላይ አስደግፋችሁ እጀታውን ወደ ጆሯችሁ ብታስጠጉ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሰማል። ለስላሳ ሹክሹክታ ከሆነ ደኅና ነው። አሸዋ እንደ መፍጨት ያለ ድምፅ ከሆነ ግሪሱ አልቆ ውሃና አቧራ ገብቷል ማለት ነው።

ክንዱ ላልቶ ካገኛችሁት እስከ ቤታችሁ እንኳ አትንዱት፤ ግፉት። ባለ አራት ማዕዘኑ ክንድ ብዙውን ጊዜ የአሉሚንየም፣ ዘንጉ ደግሞ የጠንካራ ብረት ነው። ላልቶ ሲነዳ ጠንካራው ለስላሳውን ይበላዋል፤ ቀዳዳው አራት ማዕዘንነቱ ይጠፋና ከዚያ ወዲያ ቡሎኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ ክንዱ ዳግመኛ አይይዝም። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ዙር የሚድን ክንድ ከነገ ወዲያ የሚጣል ይሆናል። የክንዱ ነገር እንኳ ይቅር፤ ሰው ቆሞ ሲረግጥ፣ ከኋላው ባጃጅና አይሱዙ እየመጣ፣ ክንዱ ከዘንጉ ቢወልቅ የሚሆነውን መናገር አያስፈልገንም። ብዙ ጊዜ የሚላላው የግራው ስለ ሆነ የሚወድቀውም ወደ መንገዱ መሐል ነው።

ስለ ሽብልቅ አሠራር። ሽብልቅ አንድ ጎኑ እየተጋደመ የተሞረደ ክብ ብረት ነው። የተሞረደው ጎኑ በዘንጉ ላይ ከተፈለፈለው ጠፍጣፋ ቦታ ጋር ይገጥማል፤ ቀጭኑ ጫፉ ፊሌቶ ስላለው በሮንዴላና በዳዶ ይያዛል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ዳዶው ሽብልቁ ተመልሶ እንዳይወጣ ጠባቂ ነው እንጂ ሳቢ አይደለም። በዳዶው ጉልበት ሽብልቁን አጠብቃለሁ የሚል ሰው ፊሌቶውን በልቶ ይቀራል፤ ሽብልቅን የሚያጠብቀው መዶሻ ነው።

ለማውጣት ከዋዜማው ነጭ ጋዝ ወይም ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበትና ይደር። በማግስቱ ዳዶውን ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ፍቱት፤ ጨርሳችሁ አታውጡት። መዶሻው በዳዶውና በሽብልቁ ላይ በአንድነት ሲያርፍ ፊሌቶው አይደፈጠጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ክንዱን ከሥር መደገፍ ነው። የሽብልቁ ወፍራም ራስ ሊገባበት የሚችል ጠንካራ ቧንቧ በልኩ አስቆርጡ፤ አንዱ ጫፍ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይቁም፣ ሌላው ጫፍ ክንዱን ከሥሩ ይሸከም። ይህ ካልሆነ ምቱ በዘንጉ በኩል ወደ ብዮቹ ያልፍና በስኒው ውስጥ ጉድጓድ ይተዋል፤ አንዱን በሽታ ስታድኑ ሌላ አመጣችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በከባድ መዶሻ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ጠንክራችሁ ምቱ። በትንሽ መዶሻ ሃያ ጊዜ መቀጥቀጥ የሽብልቁን ጫፍ እንደ እንጉዳይ ያሰፋዋልና በቀዳዳው አያልፍም። ሞርሳ ያለው ሰው በሞርሳ ጨምቆ ቢያወጣው ከመዶሻ ይሻላል። ሽብልቁ ከተጣመመና እምቢ ካለ ዳዶ ያለበትን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ የቀረውን ከቀጭን ጀምሮ በመሰርሰሪያ መብሳት ነው የሚቀረው፤ ያ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። በብዛት የሚገኙት 9 እና 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ናቸው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከቁም ነገር የማይገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ 9ኙ ሽብልቅ በባለ 9.5ቱ ቀዳዳ ውስጥ በሳምንቱ ይላላል። አዲሱ ሽብልቅ በቂ ካልገባ የተጋደመውን ጎኑን በሞረድ ጥቂት በጥቂት፣ ጠፍጣፋነቱን ሳታበላሹ ሞርዱት። ሁለቱ ሽብልቆች በአንድ ወገን የተሰኩ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ ይኸውም የቀኙን ክንድ ወደ ፊት ስታመለክቱት ዳዶው ወደ ላይ ከሆነ፣ የግራውም ክንድ ወደ ፊት ሲያመለክት ዳዶው ወደ ላይ መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ ሁለቱ ክንዶች በአንድ መሥመር ላይ አይውሉም፤ ነጂውም እንደሚያነክስ ሰው ይረግጣል። ሽብልቁን ከነድጋፉ በመዶሻ አስገቡ፣ ዳዶውን በልክ አጥብቁ፣ በግቢው ውስጥ አሥር ደቂቃ ነድታችሁ ተመለሱና እንደገና መትታችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ይህ ሁለተኛው ምት የሚዘለል ከሆነ የመጀመሪያው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ባለ አራት ማዕዘኑ ክንድ መዶሻ አይወድም፤ የሚወደው መንቀያ መሣሪያ ነው። ቡሎኑን አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቡሶላ ትፈቱታላችሁ። ከቡሎኑ በስተኋላ ሮንዴላ ተደብቆ እንዳልቀረ በጣታችሁ ፈትሹ፤ ቀርቶ ከሆነ መንቀያው በዘንጉ ፈንታ ሮንዴላውን ይገፋና የክንዱን ፊሌቶ ቀድዶ ይወጣል። በክንዱ ውስጥ ያለው ፊሌቶ የ22 ሚሊ ሜትር ነው፤ መንቀያውን መጀመሪያ በጣት ብቻ፣ እስከ መጨረሻው አስገቡት። በጣት እምቢ ካለ ጠምሞ ገብቷልና መልሱት። ከዚያ የመሐሉን ቡሎን ስታጠብቁ የዘንጉን ጫፍ ይገፋል፤ ክንዱም ይወጣል። ማኅበራችን አንድ መንቀያ አለው፤ በመዝገብ እየተፈረመ ይሰጣል።

ሲመለስ የዘንጉ ጫፍና የክንዱ ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጉ። ዘንጉን ግሪስ መቀባት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ነገር ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በክፍላችንም ውስጥ ክርክሩ እስከ መኮራረፍ ደርሶ ነበር። የብዙዎቻችን አስተያየት እንደ ጤዛ የሳሳ ግሪስ አይጎዳም የሚል ነው። በማጥበቁ ላይ ግን ክርክር የለም። የሚያስፈልገው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች እንደሚያውቁት 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ክብደት መጫን ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ፈትሹት፤ በየሳምንቱ ግን እየጨመራችሁ አታጥብቁት፤ ክንዱ በዘንጉ ላይ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ይሰነጠቃል።

አሁን ወዳሳፈረን ነገር፣ ማለት ወደ አቅጣጫው ደርሰናል። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች፣ ከቻይናና ከሕንድ የሚመጡትን ጨምሮ፣ የዘንጉ ቤት ፊሌቶ የእንግሊዝ ልክ ነው፤ ስፋቱ 1.37 ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። የግራው ስኒ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የቀኙ ስኒ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። እኛ ሦስት ሆነን በቧንቧ ላይ ስንንጠለጠል እያጠበቅን ነበር።

ፋብሪካው ለምን እንዲህ ያደርጋል? እስቲ ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ውስጥ አንድ ዱላ አስገቡ። ዱላውን ወደ ማሰሮው ከንፈር ተጭናችሁ፣ እንዲንከባለል እንጂ እንዳይንሸራተት አድርጋችሁ፣ በከንፈሩ ዙሪያ ወደ ቀኝ አዙሩት። ዱላው በራሱ ላይ የሚሽከረከረው ወደ ግራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በፊሌቶ የገባ ነገር ሁሉ ምንም ያህል ቢጠብቅ ጥቂት ክፍተት አለው፤ በላዩ ላይ የሚዞር ጭነት ሲመጣ እንደ ዱላው ወደ ተቃራኒው ወገን በዝግታ ይሄዳል። በቀኝ በኩል ቆሞ ለሚያይ ዘንጉ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ስለዚህ ስኒው ወደ ግራ መሄድ ይፈልጋል። ወደ ግራ ሲሄድ እንዲጠብቅ እንጂ እንዳይፈታ ፊሌቶው ተገላቢጦሽ ተቆረጠ። የግራዋ ፔዳል ፊሌቶ ተገላቢጦሽ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ማስታወስ ለማይችል በክፍላችን የምንጠቀምበት አጭር መንገድ አለ። ቁልፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ያዙት። ፔዳል፣ የግራዋም የቀኟም፣ የቁልፉ ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ሲሄድ ትፈታለች። ስኒ፣ የግራውም የቀኙም፣ የቁልፉ ጫፍ ወደ ፊት ጎማ ሲሄድ ይፈታል። ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁት የጣሊያን ብስክሌት ካለ ግን ተጠንቀቁ። የጣሊያን ልክ የሆነ የዘንግ ቤት ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ስኒዎቹ እንደ ተራ ቡሎን ወደ ግራ ነው የሚፈቱት። የእንግሊዙ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 68 ስለሆነ በማስመሪያ ለክቶ መለየት ይቻላል።

ከዚህም በላይ የሚያሳፍረን፣ ብዮችን ለማጠብና ግሪስ ለመቀየር የቀኙን ስኒ መፍታት ጨርሶ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ክንዶቹ ከወጡ በኋላ በግራ በኩል ያለውን ማጥበቂያ ቀለበትና የግራውን ስኒ ብቻ ፍቱ፤ ዘንጉና ብዮቹ ሁሉ በዚያው ይወጣሉ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ብይ አምልጦ በሣር ውስጥ ሲጠፋ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። የዘንጉ ረጅም ወገን በየት በኩል እንደ ነበረ ምልክት አድርጉ፤ በተለመደው አሠራር የፊቱ ጥርስ ባለበት በቀኝ ነው። ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡ። የቀኙን ስኒ እዚያው እንዳለ በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱት። ብዮቹ የሚሄዱበት መንገድ እንደ መስታወት ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለበት ያ ዕቃ ተለዋጭ ይፈልጋል፤ የቀኙ ስኒ መፈታት ያለበት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዮቹን አሮጌና አዲስ ሳትቀላቅሉ ሁሉንም በአንድነት ለውጡ። ልካቸው ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን 11 ይገባሉ።

ስኒዎቹን በግሪስ ሞልታችሁ ብዮቹን በግሪሱ ላይ ለጥፉ፤ አይወድቁም። ከኮርቻው ቱቦ የሚወርደው ዝገትና ውሃ ወደ ብዮቹ እንዳይደርስ የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡን ቆርጣችሁ፣ ጠቅልላችሁ በቤቱ ውስጥ ብትከቱት በሰኔና በሐምሌ ታመሰግኑናላችሁ። ዘንጉን መልሳችሁ የግራውን ስኒ በጣት እስኪቆም አጥብቁ፤ ክንድ አስገብታችሁ ነቅንቁ፤ ንቅናቄው እስኪጠፋ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ሲዞር የሚይዝ ከሆነ ትንሽ መልሱ። ከዚያ ስኒው እንዳይንቀሳቀስ ይዛችሁ ቀለበቱን አጥብቁ። ቀለበቱ ሲጠብቅ ስኒውን ጥቂት ይዞት ስለሚሄድ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም አይቀርም፤ አትናደዱ።

በኋላ የመጡት ብስክሌቶች በስኒና በብይ ፈንታ የታሸገ ዘንግ አላቸው። ይህ አይከፈትም፣ አይስተካከልም፤ ሲያልቅ በሙሉው ይለወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገሮች ያዙ፤ የቤቱን ርዝመት፣ ይኸውም 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር መሆኑን፤ የዘንጉን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ይኸውም 110 ወይም 113 ወይም 118 ወይም 122.5 ወይም ሌላ መሆኑን፤ የፊሌቶውንም ልክ። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ በአሮጌው ዕቃ ወገብ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። የዘንጉ ርዝመት ከተለወጠ የፊቱ ጥርስ ከቦታው ይወጣና ካቴናው ይጣመማል። የሚፈታበት ቁልፍ 20 ጥርስ ያለው ልዩ ቁልፍ ነው፤ ጥርሶቹ ጥልቀት ስለሌላቸው በቡሎንና በሮንዴላ አስራችሁ ካላዞራችሁት ተንሸራትቶ ሁሉን ይልጠዋል። ሲመለስ ፊሌቶው በግሪስ ይቀባ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች በጣት ብቻ አስገቡ።

ስለ ጓደኛችን ቴላዮ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ፊሌቶው ለጠፋ የዘንግ ቤት ፊሌቶ የማያስፈልገው የታሸገ ዘንግ አለ፤ ሁለቱ ወገኖቹ በቤቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጠብቀው ቤቱን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። ከአባላቱ ባዋጣነው ገንዘብ አንዱን ከአዲስ አበባ አስመጥተን በጥር ወር አስገባንለት፤ እስከ ዛሬ ይዟል። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ልጅ ግን ሌላ ሰው እያስጠናው ነው። ጓደኛችን ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዶልን እዚሁ በኋለኛው ረድፍ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ሁለት ብስክሌቶች እንፈታለን፤ አንዱ ባለ ሽብልቅ፣ አንዱ ባለ አራት ማዕዘን። የራሱን ብስክሌት ማምጣት የሚፈልግ ከዋዜማው ነጭ ጋዝ ያጠጣው። በጠረጴዛው ላይ ያለው ያ ፊሌቶ የተላጠበት ስኒ ነው፤ እየተቀባበላችሁ ተመልከቱት፤ ግሪሱ ግን ልብስ ያቆሽሻል።